መጋዘኑን አይተኸዋል?

ያልደመሰስኩት አንድ የኤክሴል ፋይል አለኝ። ስሙ «የመጨረሻ_2_እውነተኛው» ይላል። ውስጡ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ኮባልት፣ ኒኬል፣ መዳብ፣ ሊቲየም፣ በአጠቃላይ መንግሥታት ዛሬ «ስትራቴጂያዊ ማዕድን» እያሉ የሚሻሙባቸው ነገሮች፣ ከሦስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ለሚደረግ ርክክብ ዛሬ ስንት ቢባሉ ተገቢ ነው? የዛሬው ዋጋ አንድ ዓምድ፣ ወለድ አንድ ዓምድ፣ የመጋዘን ኪራይ አንድ ዓምድ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «የፖለቲካ ስጋት» የሚል ዓምድ፣ ከላይ እስከ ታች 5 በመቶ።

5 ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። 3 ትንሽ መሰለኝ፣ 10 ደግሞ ጥያቄ የሚያስነሳ መሰለኝ።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ዓምድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ውሉ ትንሽ ልበል። ፊውቸርስ የሚባለው የወደፊት ግብይት ውል ምስጢር የለውም። ዛሬ ዋጋ እንቆርጣለን፣ ዕቃውና ገንዘቡ ሌላ ቀን ይገናኛሉ። ዋጋው የሚወጣውም በትንቢት አይደለም። አንድ ቶን ብረት፣ ኒኬል በለው መዳብ፣ ዛሬ 20,000 ዶላር ነው እንበል። ተበድሬ ገዝቼ ሦስት ወር ባስቀምጠው፣ በዓመት 5 በመቶ ሲታሰብ ወለዱ 250 ዶላር ይሆናል። ለመጋዘን 60 ዶላር ልክፈል። ስለዚህ የሦስት ወሩ ዋጋ 20,310 ቢባል ልክ ነው። ገበያው 21,000 ካለኝ ዛሬ ገዝቼ፣ ውሉን ሸጬ፣ መጋዘኑን ቆልፌ ቁጭ ብዬ 690 ዶላር አገኛለሁ። ይሄን ደግሞ እኔ ብቻ ሳልሆን ስልክና የባንክ ብድር ያለው ሁሉ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ብዙ አይቆይም።

የዚህ ስሌት ውበት የነገውን ማወቅ አለመጠየቁ ነው። እኔም የወደድኩት ለዚህ ነበር።

የለንደን ሜታል ኤክስቼንጅ፣ ሰዉ በአጭሩ ኤልኤምኢ የሚለው፣ በ1877 ነው የተቋቋመው። ዋናው ውሉ ያኔም ዛሬም የሦስት ወር ነው። ለምን ሦስት ወር? መዳብ ከቺሊ፣ ቲን ከማላያ በመርከብ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ እሱ ስለነበር። የዚያን ጊዜ ትልቁ ስጋት ማዕበል ነው። ማዕበል ደግሞ ለስሌት ይመቻል። መርከቦቹ ብዙ ናቸው፣ የሰመጡትን ትቆጥራለህ፣ አማካይ ታወጣለህ፣ ዋጋው ላይ ትንሽ መቶኛ ትደፋለህ። የኔ 5 በመቶም የዚያ ዓለም ልጅ ናት። ግን ማዕበል ዋጋ አይቶ አይነሳም። ሚኒስትር ዋጋ አይቶ ይነሳል።

ይሄ የገባኝ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የገባኝ ሌላ ነገር ነበር፣ እሱም በውርደት።

በ2025 አጋማሽ ገደማ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲነግዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ጋ ደወልኩ። ፋይሌን ላሳያቸው ጓጉቼ ነበር። አሜሪካ በመዳብ ላይ ታሪፍ ልትጥል ነው እየተባለ ነበር፣ እኔ ደግሞ የኒውዮርኩን የኮሜክስ ገበያ ወር በወር ዘርግቼ ሳየው የረባ ነገር አላየሁም። በአንዱ ወርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት ከወለድና ከኪራይ ብዙም አይርቅም።

«የዋጋው ኩርባ ጠፍጣፋ ነው፣ ገበያው አልፈራም ማለት ነው» አልኳቸው።

«መጋዘኑን አይተኸዋል?»

«የምን መጋዘን?»

ሳቁብኝ። ሳቃቸው ረጅም ነበር። «አየህ ልጄ፣ የፈራ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ለሚመጣ ብሎ አይገዛም። ዛሬ ነው የሚገዛው።»

ስልኩን ዘግቼ የመጋዘን ቁጥሮቹን አወጣሁ። የኤልኤምኢ መጋዘኖች ውስጥ የነበረው መዳብ በጥቂት ወራት ከግማሽ በታች ወርዷል። የኮሜክስ መጋዘኖች ደግሞ እየሞሉ ነው። ብረቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄዷል፣ እኔ ኩርባ ላይ አፍጥጬ ቀርቻለሁ።

ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፣ ያው ሲታሰብ ሁሉም ግልጽ ነው። ከላይ ያልኩት የ20,310 ስሌት ለሩቁ ዋጋ ጣሪያ ያበጅለታል። ሰው ነገ በሩ ይዘጋል፣ ማለትም ብረቱ እንዳይወጣ ወይም እንዳይገባ ይደረጋል ብሎ ከፈራ የሦስት ወሩን ዋጋ ብቻውን መስቀል አይችልም፤ ከዛሬው ጋር አብሮ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ፍርሃቱ ኩርባውን ሳያጣምም ሁለቱንም ጫፍ እኩል ያነሳል። መጋዘኑ ሲሞላ ወይም ሲራቆት ታየዋለህ፣ በቀናት መካከል ባለው ልዩነት ግን አታየውም። በሩ በእርግጥ ሲዘጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እጅ ላይ ያለ ብረት ወርቅ ይሆናል፣ የዛሬው ዋጋ ከሩቁ በላይ ይወጣል፣ ነጋዴዎቹ ባክዋርዴሽን የሚሉት። ጣሪያ አለ እንጂ ወለል የለም፤ ከነገ ተበድረህ ለዛሬ ፋብሪካ ማቅረብ አትችልምና።

መዳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የፖለቲካ ስጋት በቁጥር ተጽፎ ያየሁበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። ኒውዮርክ የሚሸጠውና ለንደን የሚሸጠው ያው መዳብ ነው። በደህናው ጊዜ ልዩነታቸው የመጓጓዣ ሳንቲም ነው። ጁላይ 8 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ 50 በመቶ ታሪፍ እጥላለሁ አሉ። የኮሜክስ ዋጋ በዚያው ቀን ተተኮሰ፣ በወሩ መጨረሻ ከለንደኑ 30 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። እስቲ እናስላው። ታሪፉ በእርግጥ ቢመጣ ልዩነቱ 50 በመቶ መሆን አለበት፣ ባይመጣ ዜሮ። ገበያው 30 ካለ፣ «ከአሥር ስድስት ያህል ዕድል አለው» እያለ ነው። ወለድና ማጓጓዣን ትቼ በግርድፉ ነው የማወራው።

ጁላይ 30 ላይ ዝርዝሩ ወጣ። ታሪፉ በመዳብ ቱቦ፣ በሽቦ፣ በቆርቆሮ ላይ ነው፣ የተጣራው መዳብ ለጊዜው ነጻ ተደረገ። የኮሜክስ ዋጋ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ። ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣው ብረት ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ተጋድሞ ቀረ።

እንግዲህ «ከአሥር ስድስት» ትክክል ነበር ወይስ ስህተት? ማንም ሊነግርህ አይችልም። መርከቦቹን መቁጠር ይቻል ነበር፣ መቶ መርከብ ይወጣል፣ ሁለት ይሰምጣል። ይሄኛው ውሳኔ ግን አንድ ነው፣ መቶ ጊዜ ደግመህ አትቆጥረውም። ያ 30 በመቶ የገለጸው ዓለም ደግሞ የትም አልነበረም። 50 ያለበት ዓለም ነበረ፣ 0 ያለበት ዓለም ነበረ፣ ገበያው በሁለቱ መካከል ማንም የማይኖርበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ ነው 5 በመቶዬ የተበላሸችብኝ። በሩ ክፍት ከሆነ 20,000፣ ከተዘጋ 50,000፣ የመዘጋት ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው እንበል። አማካዩ 23,000 ነው። ልክ ነው፣ ሒሳቡ አይሳሳትም። ግን 23,000 የሚባል ዋጋ በየትኛውም ቀን አይመጣም። በ23,000 የሸጠ ሰው ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ 3,000 ያተርፍና ራሱን ጎበዝ ይላል፣ አንድ ጊዜ 27,000 ይከስርና ስልኩን ያጠፋል። ውሉ ያለው ሰው በአማካይ አይኖርም፣ ማርጂን፣ ማለትም ውሉ ሲከስር የሚጠየቀውን ማስያዣ፣ አምጣ ሲባል በዚያው ቀን ጥሬ ገንዘብ ማምጣት አለበት።

አሁን ወደ ኮባልት። ኮንጎ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ከዓለም ኮባልት ከ70 በመቶ በላይ ታወጣለች። በ2025 መጀመሪያ ዋጋው በፓውንድ 10 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር፣ ለዓመታት ያልታየ ርካሽ። ፌብሩዋሪ 22 ላይ መንግሥት ወደ ውጭ መላክን ለአራት ወር አገደ። ምክንያቱም የዋጋው መውደቅ ነው፣ ገበያው ተጥለቅልቋል ተባለ። ጁን ላይ ሦስት ወር ተጨመረ። ከኦክቶበር 16 ጀምሮ እገዳው በኮታ ተተካ፦ ለዓመቱ ቀሪ ጊዜ 18,125 ቶን፣ ለ2026 እና ለ2027 ደግሞ በየዓመቱ 96,600 ቶን። በዚህ መሀል ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ፋይሌ ውስጥ ዋጋው አንድ ዓምድ ነው፣ ስጋቱ ሌላ ዓምድ ነው፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። እውነቱ ግን ዋጋው ራሱ በሩን ይዘጋል። ብረቱ በረከሰ ቁጥር ሻጩ አገር የሚያጣው እያነሰ፣ የመዝጋት ፍላጎቱ እየጨመረ ይሄዳል። በጣም ርካሽ የሆነ ማዕድን በጣም አስተማማኝ መስሎ የሚታየው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

አንድ ሰው አስቡ። የኮንጎ የማዕድን ከተማ በሆነችው ኮልዌዚ አካባቢ የኮባልት ምርት አለው። ዋጋው እንዳይወርድበት ብሎ ፊውቸርስ ሸጧል፣ ሄጅ አድርጓል፣ መማሪያ መጽሐፍ የሚለውን ነው ያደረገው። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ጭነቱ አይወጣም፣ የሸጠው ወረቀት ግን በየቀኑ ይወደዳል፣ በየቀኑም ማርጂን ይጠየቃል። ዕቃው አለው፣ ግን የለውም። ዕቃውን ራሱን ለመሸጥ የተዋዋለ ነጋዴ ከአቅም በላይ ሁኔታ ገጥሞኛል ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፤ የቻይናው የማዕድን ኩባንያ ሲኤምኦሲ የንግድ ክንድ የሆነው አይኤክስኤም በዚያው ጁን መጨረሻ ይሄንኑ አውጇል። የቺካጎው የፊውቸርስ ገበያ የሲኤምኢ የኮባልት ውል ግን ብረት አያውቅም። በጥሬ ገንዘብ የሚዘጋ ነው፣ የሚያየው የታተመ ዋጋ ብቻ ነው። «መንገዱ ተዘግቶብኛል» የሚል ደብዳቤ የሚቀበል ጆሮ የለውም። ያ ሰው ራሱን ከስጋት የጠበቀ መስሎት ነበር፣ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን የሸጠ ሰው ሆነ።

ኒኬሉ የከፋ ነው። ፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬን ላይ ዘመተች፣ ሩሲያ ትልቅ የኒኬል አምራች ናት፣ ዋጋው መሮጥ ጀመረ። የቻይናው ትልቅ አምራች ጺንግሻን ግዙፍ የሽያጭ ውል ይዞ ነበር። ኒኬል አጥቶ አይደለም። ያለው ኒኬል ኤልኤምኢ የሚረከበው ዓይነት ንጹሕ ኒኬል አይደለም። ማርች 8 ማለዳ ላይ ዋጋው በቶን ከ100,000 ዶላር በላይ ወጣ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት 30,000 እንኳ አልሞላም ነበር። ኤልኤምኢ ገበያውን ዘጋ። ዘግቶም አላበቃም፣ የዚያን ቀን ጠዋት የተደረገውን ግብይት ሰረዘው፣ 12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። እንዳልነበረ። ለስምንት ቀን ያህል የኒኬል ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ኤልየትና ጄን ስትሪት የሚባሉ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ከሰሱ፣ በ2023 ለንደን ፍርድ ቤት ተረቱ። የብሪታንያ የገንዘብ ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2025 ኤልኤምኢን 9.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ።

በትክክል ገምተህ፣ በትክክለኛው ሰዓት ገዝተህ፣ ትርፍህን ስክሪኑ ላይ አይተህ፣ ከሰዓታት በኋላ «ቀርቷል» ትባላለህ። ለዚህ ፋይሌ ውስጥ ምን ዓምድ አለ? ብረቱ ይመጣል ወይ ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። ውሉ ራሱ ይኖራል ወይ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በነገራችን ላይ ውል ያላቸው ማዕድናት የታደሉት ናቸው። ኒኬልና መዳብ ጥልቅ ገበያ አላቸው፣ ሊቲየም ከጁላይ 2023 ጀምሮ በቻይናዋ ጓንግዦ ላይ በደንብ ይገበያያል። ጋሊየም ግን ምንም የለውም። ቻይና ጥሬውን 98 በመቶ ያህል ታመርታለች፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይወጣም ብላለች። አንድ ሻጭ፣ አንድ በር፣ አንድ ማኅተም ባለበት ፊውቸርስ ማቋቋም አይቻልም፤ ማን ነው ከዚያ በር ጋር ተቃራኒ ሆኖ የሚቆመው? የአንቲሞኒን ነገር ተመልከቱ። ቻይና እሱንም በፈቃድ ከገደበችበት ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ፣ ቻይና ውስጥ ያለው ዋጋና ሮተርዳም ያለው ዋጋ እጥፍ ያህል የተራራቁበት ጊዜ ነበር። ያው ብረት ነው። ልዩነቱ የጉምሩክ ወረቀት ነው። «የአንቲሞኒ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉሙን አጥቷል፣ የት ያለው፣ ማን የያዘው፣ ለማን የሚሸጥ ነው መባል ያለበት።

የፈቃዱ ሕግ ደግሞ ለቻይና ንግድ ሚኒስቴር 45 የሥራ ቀን ይሰጠዋል፣ ማለትም ከሁለት ወር በላይ። ይሄን ሳነብ የቺሊው መርከብ ትዝ አለኝ። 1877 ላይ የውሉን ርዝመት የወሰነው ባሕሩ ነበር፣ አሁን ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ለእነዚህ ማዕድናት አንድ ቀን ፊውቸርስ ቢቋቋም እንኳ፣ ውሉ ስንት ወር መሆን እንዳለበት የሚወስነው እሱ ይመስለኛል።

ስለ ሩቁ ጫፍ ደግሞ አንድ ነገር። ሰው ሁሉ የፖለቲካ ስጋት ዋጋ ይጨምራል ይላል። ለቅርቡ እውነት ነው። ለሩቁ እርግጠኛ አይደለሁም፣ እንዲያውም ተቃራኒውን አምናለሁ። በሜይ 1978 ታጣቂዎች ኮልዌዚን ሲይዙ ኮባልት ሰማይ ነካ። ከዚያስ? ማግኔት ሠሪዎች ኮባልት የሌለው ማግኔት ሠሩ፣ ብዙዎቹም አልተመለሱም። በ2010 ቻይና ወደ ጃፓን የሚሄደውን፣ ሬር ኧርዝ የሚባለውን ብርቅዬ ማዕድን ስታቋርጥ ዋጋው ዓመት ሙሉ ወጣ፣ ጃፓን ገንዘብ አፍስሳ የአውስትራሊያውን የማዕድን ኩባንያ ላይናስን ደገፈች፣ ከ2011 በኋላ ዋጋው ተንኮታኮተ። ያኔ በከፍተኛው ዋጋ ተስፋ ገንዘቡን ሁሉ ያፈሰሰው የአሜሪካው የማዕድን ኩባንያ ሞሊኮርፕ በ2015 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በሩን የሚዘጋ ሰው ደንበኛውን ሌላ በር እንዲሠራ ያስገድደዋል። ስለዚህ አሁን ስሠራ ስጋቱን ለሦስት ወሩ እደምራለሁ፣ ለአምስት ዓመቱ እቀንሳለሁ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም፣ ችግር የለም።

ሞሊኮርፕ የቆፈረው ማውንቴን ፓስ የሚባለው ማዕድን አሁን የኤምፒ ማቴሪያልስ ነው። በጁላይ 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለ10 ዓመት የዋጋ ወለል ሰጠው። ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም ለሚባሉት ብርቅዬ ማዕድናት ቅልቅል በኪሎ 110 ዶላር፣ ገበያው ከዚያ በታች ከሆነ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል። ይሄ በኛ ቋንቋ ምንድነው? የአሥር ዓመት የመሸጥ ኦፕሽን ነው፣ በተቆረጠ ዋጋ የመሸጥ መብት ማለት፣ ሻጩ መንግሥት፣ ገዢው አንድ ኩባንያ። ማንም ባንክ እንዲህ ያለ ነገር አይሸጥልህም፣ ምክንያቱም ባንክ በሩ መቼ እንደሚዘጋ አያውቅም። መንግሥት ቢያንስ በአንደኛው በር ላይ ቁልፍ አለው። የስጋቱን ዋጋ መተመን የሚችለው ስጋቱን የሚፈጥረው ወገን መሆኑ ያስቃል፣ ያናድዳልም።

ፋይሉን ባለፈው እንደገና ከፈትኩት። 5 በመቶ የነበረበትን ዓምድ ደበቅኩት፣ መደምሰስ አልሆነልኝም። በቦታው ሁለት ዋጋ አስገባሁ፣ አንዱ «ክፍት»፣ አንዱ «ዝግ»፣ አማካይ የሚያወጣ ፎርሙላ የለም። ከጎኑ የመጋዘን ክምችት። ከዚያ ቀጥሎ የቀን ዓምድ አለ። ቻይና በኦክቶበር 2025 አውጥታ ለጊዜው ያቆመቻቸው ገደቦች የሚቆሙበት ጊዜ ማብቂያ፦ ኖቬምበር 10 ቀን 2026። ጋሊየም፣ ጀርማኒየምና አንቲሞኒ ወደ አሜሪካ እንዳይሄዱ የከለከለችው ትእዛዝ የታገደበት ጊዜ ማብቂያ፦ ኖቬምበር 27 ቀን 2026። የኮንጎ ኮታ የመጨረሻ ዓመት፦ 2027።

ለሽማግሌው ላክሁላቸው። «ይሄ የዋጋ ስሌት ነው ወይስ የቀን መቁጠሪያ?» ብለው መለሱልኝ። ሦስቱን ሴሎች ቢጫ ቀለም ቀባኋቸውና ሴቭ አደረግሁት። ስሙ አሁን «የመጨረሻ_3» ነው።